ለመሸነፍ የተሠራ ካርታ

«ዛሬ እሸነፍለታለሁ» አለ ማሙሽ። «ሲያሸንፍ ፊቱ ፈታ ይላል፤ ያን ጊዜ እነግረዋለሁ።»

መነጽር ሠሪው ግማሽ ጉንጩን ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ምላጩን አየር ላይ አቆመ። መታጠቢያ ቤቱንና ማዕድ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ለወጉ ያህል የቆመ ነው፤ ከላይ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ስላለው ማንኪያ ከብርጭቆ ሲጋጭ እንኳ ይሰማል። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ቀዳዳ የሰማው የውሃ ማፍያውን ፉጨትና የወንድሙ ሚስት ስለ ተማሪዎቿ ስትማረር ብቻ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ግን በዚህች ቅዳሜ ጠዋት ዘመድ መሆን አማረው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ዛሬ ዛሬ እያልክ ነው» አለች የወንድሙ ሚስት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እማዬ ሐሙስ ከሆስፒታል ትወጣለች። በተሰበረ ዳሌዋ ሶፋ ላይ ላስተኛት? ያቺ ለሳቸው ያየናት የባልደረባዬ ክፍል ደግሞ እስከ ሰኞ መልስ ካልሰጠን ለሌላ ሰው ትከራያለች። አንተ ነገ በጠዋት መንገድ ልትወጣ ነው።»

«አውቃለሁ እኮ።»

«እኔ ልንገራቸው እንዳልል ወንድምህ ናቸው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ከካርታው በኋላ።»

ወዲያው የውጭው በር ተዘጋ። ማሙሽ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ለነገው ጉዞ መኪናውን ሊያስፈትሽ ሄደ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ከፊት ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሃምሳ ተሳፋሪ ጭኖ በጭጋግ ተራራ ይወርዳል፤ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው፣ ሲሞትም ማሙሽ እንደተባለ ነው የሚሞተው።

መነጽር ሠሪው የቀረውን ጉንጩን ቀስ ብሎ ተላጨ። እውነቱን ለመናገር ያስቀየመው መውጣቱ ብቻ አይደለም። አሮጊት ሴት ዳሌዋ ተሰብሮ ሶፋ ላይ ስትተኛ እሱ አልጋ ላይ ተንጋሎ የሚያድር ሰው አይደለም፤ በወጉ ቢነግሩት ኖሮ በዚያው ቀን ሻንጣውን ያወርድ ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ብሎ ራሱን ያምናል። የከነከነው ከረሜላ አስይዘው መርፌ ሊወጉት መሆኑ ነው፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ። ከቅያሜው ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ያን ለራሱ መንገርም አሳፈረው። ፈርቷል። ከዚህ ቤት መውጣት አይፈልግም። ሚስቱ የሞተች ጊዜ «ለጥቂት ቀን» ብሎ የመጣበት ቤት ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላሉ፤ በሰባተኛው ዓመት ምን እንደሚሆን ግን የተረተ የለም።

«ካላሸነፍኩ አይነግረኝም» አለ ለመስታወቱ። የሕፃን ሂሳብ ነው። ግን ማሙሽን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ክፉ ነገር ለመናገር መጀመሪያ ሰውየው ሲስቅ ማየት አለበት። ዛሬ ሳይነግረው ካለፈ ነገ መንገድ ይወጣል፣ ሰኞ ክፍሏ ለሌላ ትሰጣለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ያውቃል። ፊቱን አድርቆ ወጣ።

ካርታ ሲባል የቁማር ካርታ አይደለም። ሥዕል ያለበት፣ በትንንሽ እሽግ የሚሸጥ፣ ሰው እየሰበሰበና እየተለዋወጠ የራሱን ስልሳ ካርታ መርጦ የሚያሰናዳበት ጨዋታ ነው። ግማሽ ያህሉ ምንጭ ነው፤ የቀረው አውሬ። አውሬ ወደ ጠረጴዛው የሚወጣው ምንጭ ሲያጠጣው ነው፤ ለትንሹ አንድ ምንጭ ይበቃዋል፣ ትልቁ ሰባት ይጠይቃል። እያንዳንዱ ተጫዋች ሃያ እስትንፋስ አለው፤ የባላጋራውን ሃያ እስትንፋስ ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ። ወደ ቤት ያመጣው ማሙሽ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ ወንድማማቾች ሳሎን ተቀምጠው ስለ ዝናቡ ከተነጋገሩ በኋላ የሚሉት ይጠፋቸው ነበር፤ የአሥራ አራት ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም፣ ታላቁ ሥራ ፍለጋ ከቤት ሲወጣ ታናሹ ገና አፉን ይፈታ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማሙሽ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሁለት እሽግ ገዝቶ መጣ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጫወታሉ። ውድድር የለ፣ ሽልማት የለ፤ የቤት ጨዋታ ነው።

የመነጽር ሠሪው ስልሳ ካርታ የዘንዶ ካርታ ነበር። ስድስት ዘንዶ አለው፣ ስድስቱም የሚያማምሩ፣ ስድስቱም ሰባት ምንጭ ካልጠጡ ንቅንቅ የማይሉ። በየዓርቡ አልጋው ላይ ይዘረጋቸዋል፤ አንድ ያወጣል፣ አንድ ያስገባል፣ በውዞ ሰባት ካርታ ያነሳል፣ ያነሳውን በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ይመዘግባል፣ እንደገና ይበውዛል። ምንጭ ሃያ ስድስት ይሁን ሃያ ስምንት በሚል ሁለት ወር ሙሉ ተጨንቆ ያውቃል። ዘንዶዎቹን ግን ነክቶ አያውቅም። ውጤቱም ያው ነው፤ ዘንዶዎቹ እጁ ውስጥ ተኮልኩለው ምንጭ ሲጠብቁ ማሙሽ በተኩላና በጅብ ቦጫጭቆ ይጨርሰዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ግን በአምስት ስድስት ሳምንት አንዴ አንዱ ዘንዶ ይወጣል፤ የወጣ ዕለት ማሙሽን በሁለት ጉርሻ ይውጠዋል፣ መነጽር ሠሪውም እስከ ረቡዕ ድረስ እያፏጨ የሰው ኩባያ ሁሉ ያጥባል። ማሙሽ የተማመነው በዚህ ነው።

ቅዳሜ መነጽር ቤቱ እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል። የእሱ ክፍል ከኋላ ነው፣ መስኮት የለውም፤ መሞረጃው ማሽን ቀኑን ሙሉ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ግድግዳው ላይ የፍሬም መፍቻዎች በቁመታቸው ተሰቅለዋል፣ ጠረጴዛው ላይ የደንበኞች ሥራ በየትሪው ተደርድሮ ተራ ይጠብቃል። ሁለት ትሪ ባዶ አድርጎ ካርታዎቹን ከፈለ። መጀመሪያ ዘንዶዎቹን አወጣ። አንድ በአንድ አወጣቸው፤ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ለዘንዶ ምትክ የሚሆኑትን፣ አምስትና ስድስት ምንጭ የሚጠጡትን ሁሉ አወጣ። አሥራ ሁለት ሆኑ። ጠጪ ከሌለ ደግሞ ይኼ ሁሉ ምንጭ ለምን ይሆናል ብሎ ስድስት ምንጭም አውጥቶ ጨመረባቸው። የቀረውን አየው፤ አርባ ሁለት ለምንም የማይሆኑ ተራ ካርታዎች። በዚህ ማንንም ማሸነፍ አይቻልም። ደስ አለው ማለት አይቻልም፣ ግን አንድ ሥራ እንደጨረሰ ሰው ተነፈሰ።

ልቡ እዚያ ስለነበር አንድ ሌንስ አበላሸ። የአንዲት ጸሐፊ መነጽር ነበር፤ ማሽኑ ላይ ረዘም አድርጎ ያዘውና ሌንሱ ፍሬሙ ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ወደቀ። የተሞረደ ሌንስ መልሶ አይበቅልም። ቆሞ ሲያየው ዓይን መርማሪዋ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ከእሱ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ሌንስ ሲያበላሽ ስታይ ሁለተኛዋ ነው።

«ምን ሆነሃል ዛሬ?»

«ምንም። አንቺ መሸነፍ ስትፈልጊ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከባሌ ጋር እከራከራለኋ። ሳልፈልግም እሸነፋለሁ።» ትሪው ላይ የተደረደሩትን ዘንዶዎች አየች፤ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ታውቃለች። «እነዚህን ለምን አወጣሃቸው? የምትወዳቸው አይደሉ?»

«ከብደውኝ ነው» አላት። እሷም ተጨማሪ አልጠየቀችም፣ ሌንሱን በሌላ እንዲተካ የማዘዣ ወረቀት አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት። ይኼ ሰው ሚስቱ የሞተች ሰሞንም «ምንም» ነበር የሚለው።

ሥራ ሲያበቃ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ሄደ። ከደብተርና ከማስመሪያ መደርደሪያው ጀርባ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉ፤ ካርታ የሚለዋወጡ ወጣቶች እዚያ ይሰበሰባሉ። ከጠረጴዛው ሥር ማንም የማይፈልጋቸው ካርታዎች የተጣሉበት ካርቶን አለ፣ አንድ እፍኝ በአንድ ሻይ ዋጋ። ቁጭ ብሎ መፈለግ ጀመረ። የሚፈልገው ከሁሉ የማይረባውን ነበር፤ አገኘውም። አይጥ። አንድ ምንጭ የምትጠጣ፣ ነክሳ አንድ እስትንፋስ የምትወስድ፣ ከጎኗ ሌላ አይጥ ካለች ጥርሷ ትንሽ የሚጨምር። አንዷ በአንዷ ላይ ተደምራ ምን ልታመጣ ብሎ አሥራ ስምንት አይጥ ለቀመ። የመደብሩ ልጅ፣ እርሳስ ፀጉሯ ላይ የሰካች ልጅ፣ አይጦቹን ቆጥራ፣ የሚገቡበትንም ስልሳ ልይ ብላ ተቀብላ ገለጥ ገለጥ አደረገችው።

«ዘንዶዎቹ የሉም?»

«የሉም።»

«በመጨረሻ!» አለች። «ሦስት ዓመት ስለምንዎት! እንኳን ገባዎት አባባ።»

አባባ መባሉ ስለቆረቆረው የቀረውን ነገር ልብ አላለውም። ወጣቶች በረባ ባልረባው ይደሰታሉ ብሎ አይጦቹን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ ቤት በእግሩ ሄደ፤ አውቶቡስ አልጠበቀም። መንገዱን ሲሄድ ሳያስበው ሁሉንም እየተሰናበተ ነበር፤ የተሰነጠቀውን የእግረኛ መንገድ፣ ዳቦ ቤቱን፣ ሁልጊዜ ጠዋት አንገቱን ነቅነቅ የሚያደርግለትን ጫማ ጠጋኝ። ድካም ተሰማው። የእግር ድካም አይደለም፤ ለሰው ላለመክበድ ሰባት ዓመት ሙሉ ትንፋሹን ውጦ የኖረ ሰው ድካም ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሙሽ ጠረጴዛውን ሳሎን መሐል ጎትቶ ጠበቀው። ሻይ ቀድቶለታል፤ ስኳሩም እሱ እንደሚወደው ሁለት ማንኪያ። ጥሩው ወንበር፣ ማሙሽ ራሱ የሚቀመጥበት ትራስ ያለው፣ ወደ እሱ በኩል ተደርጓል። የወንድሙ ሚስት ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ የፈተና ወረቀት ታርማለች፤ በሩ ገርበብ ብሏል፣ የቀይ እስክሪብቶዋ ድምፅ ይሰማል። ያች ሴት ክፉ አይደለችም። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችበትም፤ ነገሩን ያከበደውም ይኼው ነው፣ የሚቀየሙት ሰው ጠፋ።

«ዛሬ ዕድልህ ጥሩ ይመስለኛል ጋሼ» አለ ማሙሽ እየበወዘ።

«እናያለን።»

መነጽር ሠሪው አንድ ምንጭ ጣለ፣ አንድ አይጥ አወጣ። ማሙሽ ሳቀ። «ይኼ ምንድን ነው?» አለ። በሁለተኛው ተራ ሁለት አይጥ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሦስት። ማሙሽ ለመሸነፍ የራሱ ዕቅድ ነበረው፤ ተኩላዎቹን እጁ ውስጥ ደብቆ፣ ዘንዶ እስኪመጣ ድረስ ጊዜ ሊገፋ ነበር። ማንም ግን ዘንዶ አላመጣም። አይጦቹ እርስ በርሳቸው ጥርስ እየተዋዋሱ ገቡበት፤ ሁለት፣ ስድስት፣ አሥራ ሁለት። መነጽር ሠሪው ካርታ ባነሳ ቁጥር ያነሳው ነገር ሁሉ ወዲያው ጠረጴዛው ላይ የሚወርድ ሆነ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ እጁ ውስጥ ምንም ሳይከማች ሲጫወት የመጀመሪያው ነበር። ላለማጥቃት አሰበ፣ ግን ስድስት አይጥ ከባዶ ጠረጴዛ ፊት አስቀምጦ «አልነክስም» የሚል ሰው ጤነኛ አይመስልም። በአምስተኛው ተራ የማሙሽ እስትንፋስ አለቀ። ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

መነጽር ሠሪው ጠረጴዛውን አየ፣ ከዚያ እጁን አየ። ያን ጊዜ ገባው። ዘንዶ ያፈቀረ ሰው የማያየውን፣ እርሳስ ፀጉሯ ላይ የሰካች ልጅ ሦስት ዓመት ስትለምነው የነበረውን ነገር ገባው። ለማበላሸት የቀነሰው ሁሉ ማቅናት ነበር። ከባዱን ነገር ሲያወጣ የቀረው ቀለለ፣ ሮጠ። በሕይወቱ የሠራው ምርጥ ካርታ ይኼ ነው፣ የሠራውም ለመሸነፍ ነው።

አሁን ይነግረኛል ብሎ ጠበቀ። ማሙሽ ግን አፉን ከፍቶ ካርታዎቹን ነበር የሚያየው።

«አልተጫወትኩልህም እኮ!» አለ። «ማለቴ... ገና አልጀመርኩም ነበር። እንደገና!»

ሁለተኛውን ማሙሽ ከምሩ ተጫወተ። ተኩላዎቹን አወጣ፣ ጅቦቹን አሰለፈ፣ እንደ ልጅነቱ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አወጣ። ተበላ። ሦስተኛውንም ተበላ፣ ለታላቁ አንድ እስትንፋስ ብቻ ቀርቶት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! አይጥ! በአይጥ ተበላሁ!» እያለ ጠረጴዛውን መታ፤ መነጽር ሠሪውም ሳይወድ ሳቀ፣ ከዚያ ወድዶ ሳቀ። እንደዚህ ስቀው አያውቁም። ሃምሳ ስድስትና አርባ ሁለት ዓመት የሞላቸው ሁለት ሰዎች ስለ አይጥ ጥርስ እየተከራከሩ፣ አንዱ የሌላውን ካርታ እየነጠቀ፣ ሻዩን ረስተው። መነጽር ሠሪው በሳቁ መሐል ይኼ ቤት ቤቴ ነው ብሎ አሰበ፤ ያሰበውም ደረቱን ወጋው።

የወንድሙ ሚስት በሩ ላይ ብቅ አለች። «ጨረሳችሁ?» አለች። ፈገግ ብላ ነበር፤ ዓይኗ ግን ባሏ ላይ ነው። የማሙሽ ሳቅ ፊቱ ላይ ቆመ።

«አንድ ይቀረናል» አለ።

ተመልሳ ተቀመጠች። እስክሪብቶው ግን አልተሰማም። ማሙሽ ካርታውን በወዘ፤ ጨረሰና እንደገና በወዘ፤ ከዚያም ለሁለት ከፍሎ ሌላ ጊዜ በወዘ። «ጋሼ» አለ። መነጽር ሠሪው ቀና አለ። ማሙሽ ጉሮሮውን ጠረገ። «እነዚያ ዘንዶዎች የት ሄዱ?»

«አወጣኋቸው።»

«ያምሩ ነበር።»

«ያምሩ ነበር» አለ መነጽር ሠሪው።

ማሙሽ ሰባት ሰባት ካርታ አደለ፣ የራሱን አነሳ፣ ሳያየው አስቀመጠ። ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሃምሳ ሰው ጭኖ መንገድ ይወጣል፤ ይኼንን ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚነዳው። ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል፣ ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል ይባላል፤ በዚህ ቤት ሁለቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አንዱ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ላለመጠላት ሲሉ አልበቀሉም። መነጽር ሠሪው ወንድሙን አየው። እሱ ለበዓል እናታቸው ቤት በሚመጣበት ዘመን፣ ማሙሽ ብርጭቆ ሲሰብር እንዲህ ነበር የሚሆነው፤ ተቀጥቶ እስኪገላገል ድረስ እህል አይቀምስም ነበር። አዘነለት። ከራሱ ይልቅ አዘነለት፣ ያ ደግሞ ነገሩን ቀላል አደረገው።

«የኔ ክፍል መስኮት ከታች በኩል አይገጥምም» አለ ካርታውን እያስተካከለ። «ብርድ ያስገባል። እኔ ፎጣ ጠቅጥቄ እኖርበታለሁ፤ ለአሮጊት ሰው ግን አይሆንም። ሐሙስ ሳይደርስ አሠራው። አልጋውም ለተሰበረ ዳሌ ከፍ ይላል፣ እግሩን ትንሽ ማስቆረጥ ነው።»

ማዕድ ቤት ውስጥ ወንበር ተንቋቋ፤ የወንድሙ ሚስት ግን አልመጣችም። ከዚያ ማሙሽ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። መነጽር ሠሪው የሚያየው የሸሸውን ፀጉሩን ብቻ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ ሊዳብሰው ፈልጎ ነበር፣ ግን በቤታቸው እንደዚያ ያለ ልማድ የለም፤ ስለዚህ የቀዘቀዘውን ሻይ አንስቶ ጠጣ።

«ልነግርህ ነበር» አለ ማሙሽ ከእጁ ሥር።

«አውቃለሁ።»

«ክፍሏ ጥሩ ናት። ሁለት አውቶቡስ ብቻ ነው የሚያስይዘው።» አፍንጫውን በመዳፉ ጀርባ ጠረገ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለህ። የግድ ትመጣለህ ጋሼ።»

«እመጣለሁ እንጂ» አለ መነጽር ሠሪው። የመጀመሪያውን ምንጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ግን ደውዬ ነው የምመጣው። እናትየው ተኝተው እንዳይሆን።»

በሰባት ዓመት ውስጥ ወደዚህ ቤት ለመግባት ለማንም ደውሎ አያውቅም ነበር። ሁለቱም ይኼንን አሰቡ። ማሙሽ ካርታውን አነሳና መጫወት ጀመሩ።